እምምም የሚለው ስፒከሬ

እኔ የምለው፣ በየወሩ የምንከፍለው ለቴሌቪዥን ነው ወይስ ለእምምምታ? እዚህ ሜሪላንድ ኬብል ካስገባሁ ወዲህ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይውላል። ስደውል መልሱ ያው ነው፦ «ቦክሱን አጥፍተው ያብሩት»። ወገኖቼ፣ ማጥፋትና ማብራት ኧርዝ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበትን ሽቦ) ያስተካክላል እንዴ?!

ከግድግዳው የሚመጣውን ኬብል ስነቅለው ጸጥ፤ መልሼ ስሰካው እምምም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የኬብሉ ኧርዝ አንድ ቦታ፣ የሶኬቱ ኧርዝ ሌላ ቦታ ሲሆን በመካከላቸው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነውና (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል) እሱው በኬብሉ የብረት ሽፋን በኩል ገብቶ የስፒከሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ውስጥ ይዘፍናል። ውጭ ኬብሉ ቤት የሚገባበት ላይ ከቤቱ ኧርዝ ጋር በአንድ ሽቦ ቢያገናኙት እኮ አበቃ!

የመጣው ቴክኒሻን ግን ሲግናሉን ለካና «አንደኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሲግናሉ መቼ ታመመ አልኩህ? አንዱ ዘመዴ ደግሞ «የአምፕሊፋየሩን ፕላግ ሦስተኛ እግር ቁረጠው» ይለኛል። እግዜር ይይልህ! እሱ እግር እኮ ኤሌክትሪክ እንዳይዘን የተሠራ ነው።

ይባስ ብሎ ለቴክኒሻኑ መምጫ ተብሎ ሂሳቡ ላይ ክፍያ ተጨምሯል።