ለጠባብ ሳሎን 32 ኢንች ይበቃል

ስለ ቲቪ ግዢ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ለቤት ከ43 ኢንች ያነሰ ቲቪ አይመከርም መባሉ አልተዋጠልኝም። እዚህ ጅማ ብዙዎቻችን ተከራይተን ነው የምንኖረው። በሶፋውና በቲቪው መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ክፍል 32 ኢንች በደንብ ይበቃል። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ወርዱ ግን ወደ 71 ስለሆነ ቡፌያችሁን ለክታችሁ ሂዱ።

ስማርት ስለተባለ ብቻ ጨምራችሁ አትክፈሉ። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ከሌለ በሞባይል ዳታ ቪዲዮ ማየት ኪስ ያራቁታል። እኔ ብሆን ያንን ብር ሪሲቨር አብሮት ለተሠራ ቲቪ አውለዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ዲቪቢ ኤስ2 (DVB-S2) የሚል ካለ የዲሹ ገመድ በቀጥታ ይሰካበታል። ነፃ ቻናሎችን ያለ ሌላ ሪሲቨር ታያላችሁ፤ ሪሞቱም አንድ ብቻ ይሆናል።

ደግሞ እባካችሁ ሱቅ ውስጥ ሳታስከፍቱ እንዳትወጡ! ፍላሽ ላይ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ፎቶ ጭናችሁ ሂዱ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ካያችሁ እዚያው ይቀየርላችሁ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው የመብራቱን ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ያስፈልጋል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገና ማጉረምረም ሳይጀምር፣ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ የመብረቅ ኃይል በእሱም በኩል ይገባል።