መጠየቅ ለማያውቀው አንተ ጀምርለት

የምጠብቀው ልጅ በየወሩ በስሙ ፖስታ ይደርሰዋል። አምስት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ይዤው ስመለስ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖስታ ሳጥኑ ነው፤ መጽሐፉ የመጣ ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መጠቅለያውን ይቀደውና «አንብቢልኝ» ይለኛል።

ቤተሰቡ አይሁድ ናቸው፤ እኔ የጎንደር ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ሌላ ሰው በዓል ለሌላ ሰው ልጅ ያነበብኩትን ያህል፣ ስለ ራሴ በዓል ለራሴ ልጅ አላነበብኩላትም። ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

መጽሐፎቹን የሚልከው ፒጄ ላይብረሪ የሚባል ፕሮግራም ነው። «ፒጄ» ፒጃማ ማለት ነው፤ ልጁ የሌሊት ልብሱን ለብሶ፣ ከመተኛቱ በፊት እንዲነበብለት የታሰበ። ሃሮልድ ግሪንስፑን የሚባሉ የማሳቹሴትስ ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ2005 ጀመሩት፤ ሐሳቡን ያገኙት ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ለሕፃናት መጽሐፍ በነፃ ከምትልክበት ፕሮግራም ነው። በ2009 እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ ተጀመረ፣ እዚያ የሚታደለው በመዋዕለ ሕፃናት በኩል ነው፤ በ2014 ደግሞ ለአረብ ልጆች በአረብኛ።

እኔን የገረመኝ ግን በነፃ መሆኑ አይደለም፤ የሽፋኑ እጥፋት ነው። ታሪኩ ለልጁ ነው፤ እጥፋቱ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ግን ለሚያነበው ሰው ነው፦ በዓሉ ምንድን ነው፣ ቃሉ ከየት መጣ፣ ልጁን ምን ብትጠይቁት ጥሩ ነው። የልጁ አባት አንድ ማታ ያንን እጥፋት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ሲያነበው አየሁት። ኋላ እንዳጫወተኝ፣ እሱ ሲያድግ ቤታቸው በዓል አይከበርም ነበር፤ አያቶቹ የሚያውቁትን ወላጆቹ ሳይቀበሉ ቀርተዋል። አሁን ከልጁ እኩል ነው የሚማረው። ይህን ሲነግረኝ ምንም አላፈረም፤ እኔም በጣም አከበርኩት።

ከሁሉም የምወዳቸው የፋሲካቸውን መጻሕፍት ነው። ፋሲካቸው ራሱ ለልጅ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ኦሪት ዘጸአት 13፡8 ላይ ያለው፣ በዚያ ቀን ለልጅህ ንገረው የሚለው ትእዛዝ፣ በእኛም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። እነሱ ግን ቃሉን አጥብቀው ይዘውት፣ ከግብፅ የመውጣቱን ታሪክ በማዕድ ዙሪያ የሚያነቡበትን መጽሐፍ «ሀጋዳ» አሉት፤ መንገር ማለት ነው። ሴደር በሚሉት በዚያ ማዕድ ታሪኩን የሚያስጀምረው የቤቱ ትንሹ ነው፦ «ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች ሁሉ በምን ትለያለች?» ብሎ ይጠይቃል። ማጻ ከሚሉት እርሾ የሌለው ቂጣ ቁራሹ ይደበቅና ልጆች ፈልገው ያመጡታል፤ እሱ ሳይገኝ ማዕዱ አይዘጋም። ለነቢዩ ኤልያስ ጽዋ ይቀዳል፣ በር ይከፈትለታል።

ልጁ እዚህ ገጽ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ጣቱን በሩ ላይ ያሳርፋል። ሥዕሉ ላይ በሩ ገርበብ ብሎ ከውጭ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሠዓሊው ኤልያስን አልሣለውም።

«መጥቷል?» ይለኛል።

«አንተስ ምን ይመስልሃል?» እለዋለሁ፣ እጥፋቱ እንደሚመክረው።

ሀጋዳው ስለ አራት ዓይነት ልጆች ያወራል፦ ብልህ፣ ክፉ፣ የዋህ፣ አራተኛው መጠየቅ የማያውቅ። ለሦስቱ ለየጥያቄያቸው መልስ አላቸው። ለአራተኛው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ አንተ ጀምርለት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

ሥዕሉም ዘመን አመጣሽ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የተዘጋጀው፣ ዛሬ ሳራዬቮ የሚገኘው ሀጋዳ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገጽ በገጽ ሥዕል ነው፤ ገጾቹ ላይ የወይን እድፍ አለ። ሰው ማዕድ ላይ ዘርግቶ ያነበው ነበር ማለት ነው። የልጁ አያት በየዓመቱ ይዘውት የሚመጡት ሀጋዳም እንዲሁ ነው፤ ሲገለጥ ከየገጹ መሀል የአምና የማጻ ፍርፋሪ ይራገፋል። እዚሁ አጠገባችን ሮክቪል ደግሞ በ1970ዎቹ ሁለት ሴቶች ለልጆች የሚሆን ሀጋዳ ቢያጡ ራሳቸው አዘጋጁ፤ ካር-ቤን የሚባለው የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ የተወለደው ከዚያ ነው።

ሁሉም መጽሐፍ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። የሀኑካው በዝቷል። ሀኑካ በሃይማኖታቸው እንደ ፋሲካ ትልቅ በዓል አይደለም፤ ከፈረንጅ ገና ጋር ስለሚገጥም፣ ልጁ የጎረቤቱን ዛፍ አይቶ እንዳይከፋው ይመስለኛል መደርደሪያውን የሞላው። ብዙዎቹ ስጦታና የድንች ጥብስ ብቻ ናቸው፣ ልብ ውስጥ አይገቡም። (በዓሉ የመቃብያን ታሪክ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ስማቸው አንድ ቢሆንም ታሪካቸው ሌላ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።) የድሮዎቹ ላይ ደግሞ አያት የተባሉ ሁሉ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ፣ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ናቸው፤ ከየመን ወይም ከሞሮኮ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ራሱን አያገኝም ነበር። ይኼ አሁን እየተለወጠ ነው።

ባለፈው ኅዳር አያትየው ስለ ስግድ የሚተርክ መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ባለ ቀለም ጃንጥላ የተዘረጋላቸው ቄሶች፣ የእኔን መልክ የመሰለች ልጅ። ልጁ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ።

«ያንቺ በዓል ነው?»

«የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቶቻችን ነው» አልኩት። ከዚያ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ነገርኩት። ስግድ ማለት «ሰገደ» ከሚለው ቃላችን እንደመጣ፤ ከማስተስረያ ቀናቸው 50ኛው ቀን ላይ እንደሚውል፤ ጎንደር አጠገብ አምቦበር በሚባል አገር ቤተ እስራኤሎች በጾም፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ይዘው፣ ተራራ ይወጡ እንደነበር፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ወርደው በደስታ እንደሚበሉ። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ ነው የሚሰበሰቡት፤ የእስራኤል ፓርላማም በ2008 የአገር በዓል ብሎ አጽድቆታል። እናቴ ምጣድና ጀበና የምትገዛው ከወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች እንደነበር፣ ኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ እንደተባለም ነገርኩት። ሥዕሉ ላይ ያለው ዳቦ ትንሽ ነበር፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ «እንዲህ ነው የሚያህለው» አልኩት። እሱም እጁን ዘረጋ። ከተጻፈው ይልቅ የተናገርኩት በዛ።

ወደ ቤቴ በአውቶቡስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ስለ ልጄ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች።

ጎንደር እያለሁ ስለ ቡሄ ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አላስፈለገም። ነሐሴ ሲገባ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጅራፍ ይገምዳል፣ የሙልሙሉ ሽታ ከየቤቱ ይወጣል፣ ሆያ ሆዬ ባዮች በር ያንኳኳሉ። የነገረኝ ሰፈሩ ነው። የቀረውን ተረት አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ጨመሩበት። እዚህ ሰፈሩ ዝም ነው። ነሐሴ 13 አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀን ይሆንና በዓሉ ለሳምንቱ መጨረሻ ይተላለፋል፤ ልጆቻችን አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው «ሆ» ይላሉ፣ ምን እያሉ እንደሆነ ግን አያውቁትም። የአገር ቤት ልጅ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ያያል። የእኛዎቹ አራተኛው ልጅ ናቸው፤ ያላዩትን ከየት አምጥተው ይጠይቁ? እኛ ደግሞ እስኪጠይቁን እንጠብቃለን፤ ሳይጠይቁን ሲቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ብለን እናዝንባቸዋለን። ይህ ትክክል አይደለም።

ቀድሞ ያየው ሰው አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጅ መጽሐፍ ቢያጡ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ራሳቸው አዘጋጁ፤ አገር ገብተውም በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም ጀመሩ። ዛሬ ፊደል የሚያስቆጥሩ፣ ጅብና ጦጣ ያሉባቸው የአማርኛ መጻሕፍት እዚህም ይገኛሉ፤ ገዝቻለሁ። እኔ የቸገረኝ ግን ሌላው ዓይነት ነው፦ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የሚያሳይ። የከተራ ዕለት እናት ነጠላውን ስትተኩስ፣ በኢድ ጠዋት ልጅ የአባቱን እጅ ይዞ በተክቢራ ሲወጣ። እጥፋቱ ላይ ደግሞ ለእኔ ለወላጅዋ የተጻፈ። በእጄ ስሠራው የኖርኩትን ነገር ለምን እንደሆነ የማላውቀው ብዙ ነው።

ያን ማታ ያለ መጽሐፍ ጀመርኩላት። ጅራፍ ብዬ ስናገር «ጅራፍ ምንድን ነው?» አለችኝ። የመብራት ሒሳብ የመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ ሣልኩላት። «ገመድ ነው?» አለች። ጎንደር ላለው ወንድሜ ጻፍኩለት፤ በማግሥቱ ግቢ ወጥቶ አጩሆ ድምፁን ላከልኝ። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሦስት ጊዜ ሰማችው።

«ለምንድን ነው የሚያስጮኹት?»

ደብረ ታቦር ላይ ለተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው አልኳት። ብርሃኑ ተራራውን ስለሞላው እረኞቹ የመሸ አልመሰላቸውም፤ ከብቶቻቸውን ይዘው እዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸው ቢጨንቃቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ።

«ዳቦውን ማን ያዘ?»

«እናቶቹ ናቸው።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። «እረኞቹ ፈርተው ነበር?»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።