እርማት፦ የሸሸ ሰው ርስቱን አልለቀቀም

«የሰሜን ቆጵሮስ ግሪኮች እ.ኤ.አ. በ1974 ቤታቸውን ጥለው ስለሄዱ መብታቸውም አብሮ ቀረ» የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ ብዙዎች ግን ይደግሙታል። ወደው አልሄዱም። የቱርክ ጦር ሲገፋ ሸሹ፣ ከዚያም እንዳይመለሱ ተከለከሉ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996፣ ሎይዚዱ የተባለች የቆጵሮስ ግሪክ ቱርክን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ ባለመሬቷ ያኔም በሰሜን ቆጵሮስ ኪሪንያ ያለው ይዞታዋ ሕጋዊ ባለቤት ናት ሲል ፈርዷል።

ቅርሱም እንዲሁ ነው። በሰሜን ቆጵሮስ በሊትራንኮሚ መንደር ከካናካሪያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሞዛይክ (በትንንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) ተፈልፍሎ ተዘረፈ (የሐዋርያትን ምስል እንኳ ቆራርጠው ነው የሸጡት!)። አሜሪካዊቷ ነጋዴ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍላበታለች፤ ክፍያው ግን ባለቤት አላደረጋትም። በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ለቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ ወስኗል።