አድማጭ አልጠፋም፤ ጆሮው ደክሞ ነው

የግጥም ፌስቲቫል ባለቀ ማግስት የማይቀር ወቀሳ አለ፤ «ሕዝቡ ግጥም መስማት ትቷል፣ ለዕረፍት የወጣው ሳይመለስ ቀረ» ይባላል። ሳይመለስ የቀረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግጥም ጠልቶ አይደለም። መርሐ ግብሩ አድክሞት ነው። ጥፋቱን የሚፈልግ ሰው አዳራሹን ትቶ አዘጋጆቹ የስም ዝርዝር የጻፉበትን ወረቀት ይመልከት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ገጣሚ፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ሰዓት ይመጣል። መድረኩ ላይ ግን መድረክ መሪው የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። ገጣሚው ተነሥቶ ማይኩን እስኪያስተካክል ግማሽ ደቂቃ፣ ግጥሙን እንዴት እንደጻፈው ሲያስረዳ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ጭብጨባው፣ ከዚያ «አንዲት አጭር ልጨምርላችሁ»። አምስቱ ደቂቃ አሥር ሆነ፤ አንዱ ሰዓት ሁለት። መጽሐፍ የያዘ ሰው ያመለጠውን ስንኝ ተመልሶ ያነባል፤ አድማጭ መመለሻ የለውም። አንድ ዘለላ ካመለጠው የሚቀጥለውንም አብሮ ያጣል።

በአንድ ምሽት ስድስት ገጣሚ ይበቃል። ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ ለመድረክ መሪው በየመሐሉ አንድ ደቂቃ፣ ከሦስተኛው ገጣሚ በኋላ የ15 ደቂቃ ዕረፍት። የቀሩት ስድስት በሌላ ቀን ወይም በሌላ ቦታ ያንብቡ፤ የከተማ ፌስቲቫል ቤተ መጻሕፍትም መናፈሻም አለው። «ሰው ቅር ይለዋል» የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነት ነው፣ ይለዋል። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ለባዶ ወንበር ያነበበው ግን የበለጠ ቅር ብሎታል።

8 ደቂቃ ስንት ስንኝ ይይዛል? የወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ አንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ አለው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ መሐሉ ላይ ያርፋል። ሳይጣደፉ ካነበቡት ከነዕረፍቱ 4 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በደቂቃ 15 ስንኝ ማለት ነው። ሁለቱን ደቂቃ ለዝምታና ለጭብጨባ ብንተው ገጣሚው ይዞ የሚወጣው 90 ስንኝ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰንጎ መገን የሚባለው ሌላው ልክ አምስት አምስት ስለሆነ ትንሽ ይፈጥናል። ይህን እቤቱ ተቀምጦ ጮክ ብሎ በሰዓት ያልለካ ሰው መድረክ ላይ መጣደፉ አይቀርም፤ መጀመሪያ የሚበላውም ያን የመሐሉን ዕረፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቺካጎ ላይ ማርክ ስሚዝ የጀመረው የግጥም ውድድር፣ ስላም የሚባለው፣ ለአንድ ግጥም 3 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከ10 ሰከንድ ይቅርታ በኋላ ነጥብ ይቀንሳል። ነጥቡ ይቅርብን፤ ግጥምን ወደ ጩኸት ይገፋዋል። ሰዓቱን ግን መዋስ ነው።

በአማርኛ ለሚያነብ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ጌታው ገበታ ላይ ማምሻውን ይበላል» የሚል ስንኝ እንውሰድ። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ጌታው በላተኛ ነው፤ «በ»ም «ላ»ም ጠብቀው ሲነበቡ የሚበላው እሱ ራሱ ነው። ገጹ ላይ ሰሙም ወርቁም አብረው ተቀምጠዋል። አንባቢው አፉን ሲከፍት ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሌላው እዚያው ይሞታል። ብዙዎች ሳያስቡት አላልተው ያልፉትና አዳራሹ ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። መፍትሔው ስንኙን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው፤ መጀመሪያ አላልቶ፣ ሙሉ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ፣ ከዚያ አጥብቆ። ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል እያሳዩ «ኅብረ ቃሉን ልብ በሉልኝ» ብሎ ማስረዳት ግን ቀልድን ከተናገሩ በኋላ እንደመተንተን ነው። ልምምድ ላይ የሚጠብቁትን ፊደሎች አናታቸው ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ይረዳል፤ የመድረክ መብራት ፊት ላይ ሲወድቅ ገጣሚ የገዛ ግጥሙን እንኳ ያሳስታል።

ወረቀቱም ነገር አለው። ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፣ ማይኩም ኮሽታውን ይለቅመዋል። ወፈር ያለ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ፣ የፊደሉ መጠን 16 ወይም 18 የሆነ፣ አርኬው (የግጥሙ አንቀጽ) ከገጽ ገጽ ያልተቆረጠ ይሁን። ከስልክ የሚያነብ የስክሪኑን መጥፊያ ሰዓት ያራዝም፣ ጥሪም ይዝጋ። የወረቀቱ መደገፊያ ዝቅ ካለ አንገት ይደፋል፤ ድምፁም ወደ ደረት ይወርዳል።

ማይኩ ከአፍ ከስንዝር ያነሰ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከአፍም ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። በጣም ከቀረበ ድምፁ ይጎረናል፤ «ፐ»፣ «በ» እና «ፈ»ም ንፋስ ይዘው ይፈነዳሉ። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መሸፈን ስፒከሩን የሚያስጮኸው ማይኩ ከየአቅጣጫው ድምፅ መሰብሰብ ስለሚጀምር ነው። ስፒከሮቹ ከገጣሚው ፊት ሆነው ወደ ሕዝቡ ይዙሩ። ደጅ ላይ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። በሰሜን መቄዶንያዋ ከተማ በስትሩጋ የግጥም ፌስቲቫል ገጣሚዎች በድሪም ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመው ያነባሉ፣ ሕዝቡ ከዳር ይሰማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ቃሉን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ያገኘዋል። እሱ አጠገብ ሁለተኛ ስፒከር ከቆመና የድምፅ ባለሙያው በዚያው ልክ ካላዘገየው ሰውየው እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል። ዜና ከሆነ ይታገሠው ይሆናል፤ ቤት የሚመታ ግጥም ግን ቤቱ ይፈርሳል።

የውጭ ገጣሚ ሲጋበዝ የትርጉም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በኮሎምቢያ በሚካሄደው የሜዴሊን የግጥም ፌስቲቫል ገጣሚው በራሱ ቋንቋ ያነባል፣ ሌላ አንባቢ በስፓኒሽ ይከተላል። ትርጉሙን ስክሪን ላይ የሚያሳዩም አሉ፤ እዚያ የሚበላሸው ገጣሚው መድረክ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ አንድ ግጥም ሲዘል ነው፤ ስክሪኑ ስለ እናት ያወራል፣ ገጣሚው ስለ ጦርነት። ቅደም ተከተሉ ከአንድ ቀን በፊት ይቆረጥ፤ ስክሪኑን የሚያዞረውም ሰው ከገጣሚው ጋር አንዴ ይለማመድ።

የመጨረሻው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ስመ ጥሩን ገጣሚ መዝጊያ ላይ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል። ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ወጣቶች የሚያነቡት እሱን ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ ግማሹ አድማጭ ሰዓቱን ያያል። ሦስተኛ፣ ከዕረፍቱ በፊት ያንብብ። ሰው ስለ እሱ እያወራ ይወጣል፤ ሲመለስ አራተኛዋ ገጣሚ የምታገኘው የነቃ ጆሮ ነው።