ናሳና የእርሳሱ ተረት

ወንድሜ፣ ዓላማ የሌለው ቴክኖሎጂ ከንቱ ነው ማለትህ ልክ ነው። ምሳሌህ ግን ተረት ነው። «ናሳ ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ የጠፈር እስክሪብቶ ሲሠራ ሩሲያውያን በእርሳስ ጻፉ» የሚባለው እንዲያ አልሆነም። እስክሪብቶውን የሠራው ፖል ፊሸር የሚባል ነጋዴ ነው፣ ያውም ከራሱ ኪስ። ናሳ 400 ያህል ገዛ፣ በርካሽ። ሶቪየቶችም በ1969 እ.ኤ.አ. 100 ገዙ። ለምን መሰለህ? እዚህ የእርሳስ ብናኝ እፍ ብለህ ትገላገለዋለህ፤ ጠፈር ላይ ግን የተሰበረው ጫፍ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም መሣሪያ ሊያበላሽ ይችላል፣ እንጨቱም ይቀጣጠላል (በ1967 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 1 መንኮራኩር ሦስት ጠፈርተኞች በእሳት ነው የሞቱት)። ምሳሌ ካማረህ ጁሴሮን ጥቀስ፦ በ2017 እ.ኤ.አ. 400 ዶላር ይሸጥ የነበረ የጭማቂ ማሽን፣ የተከተፈ ፍራፍሬና አትክልት የታሸገበትን ከረጢቱን በእጅ ብትጨምቀው ያው ጭማቂ ይወጣ የነበረ።