«እኛ ሰፈር ግን አይሆንም»

ወገኖቼ፣ ሹማምንቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሦስት ሆነን በተቀመጥን ቁጥር እናደርገዋለን። የዛሬው ወቀሳ ግን ለእኛ ነው፤ ማታ በር ዘግተን ለምንተኛው።

ለቤት አልባዎች መጠለያ ሊሠራ ነው ሲባል ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። መጀመሪያ «መልካም ሐሳብ ነው» እንላለን። ቀጥሎ «ግን ለምን እዚህ?» ይመጣል። ከዚያ ፊርማ ይሰበሰባል። ዓመቱን ሙሉ የከተማውን ምክር ቤት ደጃፍ ረግጠን የማናውቅ ሰዎች በዚያ ቀን አዳራሹን እንሞላዋለን። አንዱ ተነስቶ ስለ ልጆቻችን ደኅንነት ይናገራል። ሌላው የቤታችን ዋጋ ይወርዳል ይላል። ሦስተኛው ለድሆች ያለውን ርኅራኄ አብራርቶ ሲያበቃ «ቦታው ግን አመቺ አይደለም» ብሎ ይቀመጣል። (አመቺውን ቦታ አሳየን ቢሉት ጣቱ ሁልጊዜ የሚያመለክተው የሌላ ሰው ሰፈር ነው።) መድረክ ላይ ያለው ተመራጭ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ይቆጥራል። ተቃዋሚው አዳራሽ ሙሉ፣ ደጋፊው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። መጠለያው የሚሠራላቸው ሰዎችማ እዚያ የሉም፤ ቢመጡም በር ላይ ያለው ጥበቃ አያሳልፋቸውም። አጀንዳው «ለተጨማሪ ጥናት» ይመራል፣ በዚያው ይቀራል።

በማግስቱ መንገድ ዳር ለተኛው ሰው ሳንቲም ጣል አድርገን እናልፋለን፤ ልባችንም ይረጋጋል። ምጽዋቱን አልነቅፍም፣ ስጡ። ግን ትናንት የፈረምነው ወረቀት ያንኑ ሰው ለሌላ ክረምት ውጭ እንዳሳደረው አንርሳ።

ጎዳና ላይ ማደር ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። እዚያ ጫማ አውልቆ የሚተኛ ጥቂት ነው፤ ያወለቀም ትራስ ያደርገዋል፣ አለዚያ ሲነጋ አያገኘውም። ብዙ ሴቶች ሌሊቱን ከመተኛት መዘዋወር ይሻላቸዋል። ቀን ላይ ሰው በበዛበት ቦታ ቁጭ ብለው ያሸልባሉ፤ ያን ጊዜ ነው እኛ «ጤነኛ ሆና ሳለ እንቅልፏን ትለጥጣለች» የምንለው። ንብረት የሚባለው አንድ ፌስታል ነው። በውስጡ መታወቂያ አለ፣ የሐኪም ማዘዣ አለ፣ ሥራ ካገኘሁልህ እደውላለሁ ያለ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አለች። ከዚያ አንድ ማለዳ ከተማ የማጽዳት ዘመቻ ይመጣና ፌስታሉ ከቆሻሻው ጋር መኪና ላይ ይጫናል። አሁን ሰውዬው ሥራ ለመቀጠር መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ አምጣ ይባላል። አድራሻ እንዲኖረው ቤት መከራየት አለበት፣ ለኪራዩ ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል። በግማሽ ሰዓት ዘመቻ የተበላሸውን ለማቃናት ወራት ይፈጃል። ለዘመቻው የወጣው ገንዘብም ከእኛው ኪስ ነው።

በሕግ መቅጣቱስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ግራንትስ ፓስ ከምትባል የኦሪገን ከተማ በተነሳ ክርክር፣ ከተሞች ደጅ የሚያድርን ሰው የሚገባበት መጠለያ ባይኖር እንኳ መቅጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ይችሉ ይሆናል። የአልጋ ኪራይ የሌለው ሰው መቀጮውን ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ግን የነገረን የለም።

«መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ መጀመሪያ ይታከሙ፣ ከዚያ ቤት ይሰጣቸው» የምትሉም አላችሁ። ይህ በውሃ እየተወሰደ ላለ ሰው «ዋና ስትለምድ ገመድ እንወረውርልሃለን» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒውዮርክ ሳም ሰምቤሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ገለበጡት፦ አስቀድሞ ቁልፍ፣ ሕክምናውና ምክሩ ቤቱ ከተገኘ በኋላ፣ ሰውዬው ሲፈልግ። ብዙዎች አበዱ እንዴ አሏቸው። ቤት ያገኙት ሰዎች ግን አብዛኞቹ በቤታቸው ጸኑ።

ፊንላንድ ይህንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 የአገር ፖሊሲ አደረገችው። ብዙ አልጋ የተደረደረባቸውን የጋራ ማደሪያዎች እያፈረሰችና እያደሰች ወደ አነስተኛ አፓርታማ ለወጠቻቸው። ቤት ያገኘው ሰው በስሙ ውል ይፈርማል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ሲያንሰው ይደጎማል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ15 ሺህ በላይ የነበረው የቤት አልባዎች ቁጥር በ2020ዎቹ መጀመሪያ ከ4 ሺህ በታች ወረደ። ልብ በሉ፣ በ2024 የኪራይ ድጎማው ሲቀነስ ቁጥሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ጨመረ። አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

ደግሞም ጉዳዩ ጎዳና ላይ የምናያቸው ብቻ አይደለም። ከቤት እጦት ጋር ስንት ሠራተኛ ይታገላል! ዘመድ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድረው፣ የሚጠብቀው ሱቅ ውስጥ የሚተኛው፣ አከራዩ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ባሉት ቁጥር ዕቃውን የሚጭነው፣ ሁሉም በእኛ ዓይን ቤት ያለው ነው። የወር ደመወዝ ባለበት ቆሞ ኪራይ ሲሮጥ፣ ከዚህ ወደ በረንዳ ያለው ርቀት አንድ ሕመም ወይም አንድ የሥራ መቋረጥ ነው። ስለዚህ መጠለያ ብቻ አይበቃም። ከመጠለያው መውጫ ካልተሠራ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ መውጫው ደግሞ በደመወዝ የሚከፈል ቤት ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ ለምደነዋል። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተራቡና የተጨናነቁ ሰዎች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1923 ከተማዋ በቤቶች ላይ ግብር ጣለች፤ የቅንጦት ቤት ያለው ብዙ፣ ተራው ሰው ጥቂት እንዲከፍል አድርጋ። በዚያ ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ የኪራይ ቤቶች ሠራች። ካርል ማርክስ ሆፍ የተባለው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንጻ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። አሁንም ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው ከተማዋ በሠራችው ወይም በደጎመችው ቤት ነው። የመምህሩና የጽዳት ሠራተኛዋ በር አንድ ደረጃ ላይ ነው፤ «እነዚያ የሚኖሩበት ሰፈር» የሚባል ነገር እንዳይፈጠር ተብሎ የተደረገ ነው።

ጊዜ ይፈጃል ለሚሉም፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮሮና ሲገባ የእንግሊዝ መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች ደጅ የሚያድሩትን ሁሉ አስገቡ ብሎ ነበር። ባዶ የቀሩ ሆቴሎች ተከፈቱ፤ በሳምንታት ውስጥ ሺዎች ጣሪያ አገኙ። ያ ሁሉ ዓመት ያልተቻለው ነገር የተቻለው በሽታው ወደ እኛም ሊሻገር ይችላል ሲባል መሆኑ ያሳፍራል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሹማምንቱ ሲደፍሩ ብቻቸውን አንተዋቸው፣ ሲያፈገፍጉም አንለፋቸው። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ሂዱ፤ ለተቃውሞ ብቻ አዳራሽ መሙላት ይብቃ። ጎረቤት ፊርማ ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት «ታዲያ የት ይሁን?» በሉት። እናንተ የምክር ቤት አባላትም፣ ባዶ የቆሙ የመንግሥት ሕንጻዎችን ዝርዝር አውጡልን። ለአዳዲስ ግንባታ መሬት ስትሰጡ ከቤቶቹ ስንቶቹ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው እንደሚሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሰውን ያለ መተኪያ ቦታ ማንሳት ይቁም፣ የሰውም ንብረት በቆሻሻ መኪና አይጫን። ጎዳና ላይ የሚያድሩትም ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የአዳራሹ በር ይከፈትላቸው። «እያየነው ነው» የሚል መልስ ከሰጡን በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑና የኃላፊው ስም ይኑርበት፤ ያ ቀን ሲደርስም እዚያው አዳራሽ እንገናኝ።