ሰላምታችሁን ከሰው ገላ ላይ አንሱ

እናንተ ወገኖች፣ ወጣት ልጅ ስታገኙ ገና ጉንጯን ስማችሁ ሳትጨርሱ «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?»፣ «ፀሐይ አጠቆረሽ መሰለኝ» የምትሉትን ነገር ተዉ። ሰርግ ላይም ለቅሶ ቤትም አይቀርላትም። እናንተ በመቆርቆር ነው የምትሉት፤ እሷ ግን ይዛው ቤቷ ትገባለች።

ቤት የሚሆነውን ስሙ። የሰማችውን ለማረጋገጥ መስተዋት ፊት ትቆማለች፤ አንድ ስንዝር ቀርባ ጉንጯን ትመረምራለች፣ ሆዷን ትቆነጥጣለች። ዓይን አንድ ቦታ ላይ ሲተከል የቀረው ገላ ይጠፋል፣ እንከኑ ብቻ ይገዝፋል። ፍተሻው ጭንቀቷን ለጥቂት ደቂቃ አብርዶ ብሶ ይመለሳል። ቀጥሎ መሸሽ ነው፦ ፎቶ አትነሳም፣ ሰው ፊት አትበላም፣ በጠራራ ፀሐይ ጃኬት ትደርባለች። የሸሸ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ ከንቱ መሆኑን የሚያይበት አጋጣሚ አያገኝም። ወንዱም ያው ነው፤ ጡንቻዬ አነሰ ብሎ ሆርሞን ይወጋል፣ ሰውነቱ የራሱን ማምረት ያቆማል፣ መውለድም ሊያቅተው ይችላል።

«ጠቆርሽ» ያላችኋት ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ የቆዳ መድኃኒት ያለበት ማንጫ ቅባት ትገዛለች። ቆዳዋ ይሳሳል፤ ስታቆመው ፊቷ ይቆጣል፣ ብጉር ያወጣል፤ ያን ለመሸፈን እንደገና ትቀባለች።

«ይሄ በገላ መጨነቅ የፈረንጅ በሽታ ነው» ባዮችም አላችሁ። የፓስፊክ ደሴቶች አገር የሆነው ፊጂ ደልደል ያለ ገላ የሚከበርበት ነበር፣ ልክ እንደኛው። ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያኔ በተጠኑት ሴት ተማሪዎች መካከል ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲት እንኳ አልነበረችም፤ በ1998 ግን ከመቶው 11 ያህሉ ያስመልሱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልኩ አለ፦ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ ከ1.5 ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ልጆቹ የሚጠሉት የሌላቸውን አፍንጫ ነው!

ወላጆች፣ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» እያላችሁ አትከራከሩ፤ ማጽናኛው እንደ መስተዋቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያበርደው፣ ነገም ትጠይቃችኋለች። ይልቅ ስለ መልኳ መጨነቁ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድባት ጠይቋት። ከአንድ ሰዓት ካለፈና ከትምህርት ወይም ከሰው ካስቀራት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። ከምግብ በኋላ መታጠቢያ ቤት እየገባች የምታስመልስ ከሆነ ግን አትዘግዩ፦ ፖታሲየም የተባለው የደሟ ማዕድን ወርዶ የልብ ምቷ ሊዛባ ስለሚችል የደም ምርመራው በዚያው ቀን ይሠራላት።